ሳይቆራረጥ የደረሰን መርዶ

ለተከበሩ የወረዳችን ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደዘረጉልን የኢንተርኔት መስመር ሳይቆራረጥ እንዲሰነብት፣ እናትዎም በሕይወት ካሉ ክፉ ወሬ በአደባባይ እንዳይሰሙ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በቦዝ ቡላክ መንደር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና ሞስኮ ሕንፃ ይሠራ የነበረው የኤርሜክ ታናሽ ወንድም ነኝ። አቤቱታ በቁጥር ሲሆን ለባለሥልጣን ንባብ ያመቻል ብለው መምህራችን ስላስተማሩን እንደዚያው አደርጋለሁ።

፩ኛ. ስለ ፍጥነቱ እናመሰግናለን። ቀድሞ ለመደወል ከመንደሩ በላይ ያለውን ኮረብታ እንወጣ ነበር። የወንድሜን ድምፅ ግማሹን ነፋስ ስለሚወስደው እናቴ ያልሰማችውን እንደምኞቷ ትሞላው ነበር። እርስዎ ይህን ድካም አስቀርተውልናል። መስመሩ በተመረቀ ዕለት በትምህርት ቤቱ ግቢ ባሰቀሉት ትልቅ ስክሪን ላይ አንዲት ቃል እንኳ አልጠፋችብንም።

፪ኛ. በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አያውቁም ብዬ አልደፍርም፤ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ስለ በግና ስለ ሣር ያወራሉ፣ ከዚያ «ጭልፊት ከእጅ ላይ ከበረረ ምን ይደረጋል?» ይላሉ። እናት ራሷ ትረዳዋለች፤ እህቷም ከጎኗ ሆና ትደግፋታለች። «ሞተ» የሚለውን ቃል ማንም አያወጣውም። ሁላችንም አታ፣ አባት፣ የምንላቸው ሽማግሌያችን ጁማሊ አታ የወንድሜን ነገር በዚያው በምረቃው ዕለት ጠዋት ኮረብታው ላይ ሆነው በስልክ ሰምተው ነበር። የሚጠብቁት አክስቴን ከታችኛው መንደር የሚያመጣውን መኪና ብቻ ነበር።

፫ኛ. ስለ ጥሪው። እናቴን ከሕዝቡ መካከል መርጠው ለልጇ እንድትደውል ሲጋብዟት ጁማሊ አታ ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ዛሬ ወደዚያ አታስደውል» አሉዎት። ምክንያቱን ሊነግሩዎ አልቻሉም፤ እናት ሳትሰማ ለባዕድ አይነገርምና። እርስዎም በድምፅ ማጉያው «አይፍሩ አታ፣ ይኼ እኮ እንደ ኮረብታው አይቆራረጥም» ብለው ሕዝቡን አሳቁት። ከሳቁት አንዷ እናቴ ነበረች።

ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ። ያነሣው ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር፣ ወጋችንን የማያውቅ የሌላ አገር ሠራተኛ ነው። ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶ በሩሲያኛ «ኤርሜክ የለም፤ ትናንት ከፎቅ ወድቆ ሞቷል። ማን ልበል?» አለ። ልጁን አልቀየምም፤ የተጠየቀውን በትሕትና መለሰ። እናቴ ስትወድቅ እርስዎ ለሙዚቃው ሰው በእጅዎ ምልክት ሰጡ፤ እሱም ታዛዥ ስለሆነ ወዲያው ከፈተው።

፬ኛ. ለዚህ ደግሞ ምን ብዬ እንደማመሰግን ቸግሮኛል። የጽሕፈት ቤትዎ ገጽ እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ስታለቅስ የሚያሳየውን ቪዲዮ አውጥቶታል። የሰውየው ድምፅ ወጥቶ ሙዚቃ ገብቶበታል፤ ከሥሩም «ከሩቅ ያለ ልጇን ያየች እናት የደስታ እንባ» ተብሎ ተጽፎበታል። የማያውቁን ሰዎች ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይሏታል። ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ድንኳን ውስጥ ስልካቸውን ሲከፍቱ ይኸው ቪዲዮ ይመጣባቸዋል። ሴቶቹ ቶሎ ይዘጉታል፤ ሙዚቃው ግን ቀድሞ ይሰማል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ቪዲዮ ያውርዱልን። ሲጭኑት ጊዜ እንዳልፈጀብዎ ሁሉ ሲያወርዱትም አይፈጅብዎትም፤ መስመሩ ፈጣን ነው።

ለመንደራችን ዕድገት ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ከሐዘን ድንኳን ደጃፍ በራስዎ መስመር ይህን የላክሁልዎ፣

የኤርሜክ ወንድም ታላይ

ያልጨረስሁት፦ እናቴ ቪዲዮው ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች። ሰውየው ከማንሣቱ በፊት ስልኩ ሲጠራ የተቀዳውን ካልጣላችሁት ቆርጣችሁ ላኩልን። ያ ስልክ ሲጠራ ልጄ ገና በሕይወት ነበረ ትላለች።