እህቴን ለጉንፋን ስለወጉልን መርፌ

ለተከበሩ የሠፈራችን ክሊኒክ ኃላፊ ሐኪም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ጥርት አድርጎ የሚሰማ ጆሮ እመኝልዎታለሁ። ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር "ስብሰባ ላይ ናቸው" ስለምባል፣ በጋዜጣ በኩል ብመጣ ሥራዎን አላስተጓጉልም ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ታላቅ እህቴ ጉንፋን ይዟት ስትመጣ ባዶ እጇን ስላልሸኟት አመሰግናለሁ። ጉንፋን ከቫይረስ ይመጣል፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ቫይረስን ጨርሶ አይነካም። እርስዎ ግን ለዚህ ሳይበገሩ "ብርቱ መርፌ ነው" ብለው ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ አዘዙላት።

ሁለተኛ፣ ኋላ እህቴን የወሰድኩባቸው የጆሮ ሐኪም እንዳስረዱኝ፣ ፔኒሲሊን የባክቴሪያውን ግድግዳ ሲያፈርስ ጄንታማይሲን ውስጡ ገብቶ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል። ለደም መመረዝና ለብርቱ የኩላሊት ኢንፌክሽን ነፍስ አድን ነው። ደካማ ኩላሊት ካጋጠመው ግን በሰውነት ተጠራቅሞ የውስጥ ጆሮን ያበላሻል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ደም ይመረመራል። የእህቴን ኩላሊት ከውጭ በዓይንዎ አይተው ስላለፉት፣ ከወረፋ ስላዳኗት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፣ መርፌው ሳያልቅ "ጆሮዬ ይጮኽብኛል" ስትልዎ "ዕድሜ ነው፣ እማማ፤ የጀመሩትን ይጨርሱ" ብለው አበረታቷት። ጨረሰች። መስማቷም አብሮ አለቀ፤ አይመለስም ተብለናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው እርሷና እኔ ብቻ ነን። ከወጥ ቤት ሆኜ "እትዬ፣ በሩን ቆልፈሻል?" እላለሁ፤ ከዚያ ራሴ ሄጄ አየዋለሁ። ፊት ለፊቷ ስናገር ከንፈሬን አተኩራ ታያለች፤ ካልገባት ግን ታፍርና "አዎ" ትላለች። ራት ይቅረብ ስላት አዎ፣ አሞሻል ወይ ስላትም አዎ። ድሮ እንኳን አዎ ልትለኝ፣ ሰዓት ብነግራት ትሟገተኝ ነበር። ሙግቷ ናፈቀኝ፣ ክቡር ሐኪም።

ካሳ አልጠይቅም። የሚቀጥለው አረጋዊ ሲመጣ ኩላሊቱን እንዲያስመረምሩለት፣ ጆሮዬ ጮኸ ሲልም መርፌውን እንዲያቆሙለት ብቻ እለምናለሁ።

ስላወረሱን ጸጥታ ባለውለታዎ የሆንኩ፣
ከክሊኒክዎ ጀርባ ነዋሪ፣ የታካሚዎ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ትናንት ከክሊኒክዎ ተደውሎ፣ ታካሚዋ በአገልግሎቱ መርካቷን ራሷ እንድትናገር ተጠየቀች። ስልኩን ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ በጨዋነት ጠበቀች። ደዋይዋም "ሃሎ፣ ሃሎ፣ መስመሩ ችግር አለበት" ብላ ዘጋችው። መስመሩ ደኅና ነበር።