ስለ መለኮሻዎቼና ስለ ቬርነን ኩፕ የተናዘዝኩት

እኔ ደልበርት ፔነር፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው፣ በካንሳስ ባለው እርሻዬ ላይ ሆኜ ዛሬ ኦክቶበር 9 ቀን 2014 ይህን ቃል አጽፋለሁ። የደከመው ሳንባዬ ነው፤ አእምሮዬ እንደ ወትሮው ነው። የገፋፋኝ ሰው የለም፤ ልጄ ላቮና እንደምታውቀው የሰው ምክር ሰምቼም አላውቅም።

ቤቱና መሬቱ የላቮና ነው። የምሥራቁን የግጦሽ መስክ ግን ትንንሽ ሮኬቶችን የሚያስወነጭፈው ክበባችን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይጠቀምበት።

ሮኬቶቼና ሞተሮቼ ለክበቡ ይሰጡ። ሞተሮቹን የሚያቀጣጥሉትን መለኮሻዎች ማንም አይደባልቅ። ቀጫጭኖቹ ለባሩድ ሞተር ናቸው። ጫፋቸው ወፍራም የሆኑት ረጅም ጊዜ ስለሚነዱ በቀላሉ እሳት ለማይዘው ለትልቁ ሞተር ይሁኑ። በቀይ ቆርቆሮ ያሉት ስስ ናቸው፤ ለመቀጣጠል ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃቸዋል። መለኮሻ የሚመረጠው ለሞተሩ ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ የሚልክለት የማስነሻ ሳጥንም መታየት አለበት። ይህን ለሌላው ሳስተምር ኖሬ እኔ ራሴ አልጠበቅሁትም።

በጁን 1995 ባልንጀራዬ ቬርነን ኩፕ ባለ ሦስት ሞተር ሮኬት በስሱ መለኮሻ አዘጋጀ። ሽቦውን እኔ ከሠራሁት ሳጥን ጋር ሲያገናኝ፣ ማንም የሳጥኑን ቁልፍ ሳይነካ፣ ሮኬቱ ተነሥቶ እጁን አቃጠለው።

«ደልበርት፣ ቁልፉን ከፍተህ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ቁልፉማ ኪሴ ነው! አንተ ነህ በማይሆን መለኮሻ የምትጫወተው!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ክበቡ በእኔ ቃል አሰናበተው። በዚያው ክረምት ሳጥኑን ፈታሁት። ሽቦው መገናኘቱን የምታሳየው አምፖል ያለ ቁልፍ እንድትበራ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ በእሷ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስሱን መለኮሻ ለማቀጣጠል ይበቃ ነበር። አምፖሏን ለውጬ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ቃሌን የሚጽፍልኝ የክበቡ ጸሐፊ ማርቪን ስታኪ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ታዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፍህን ምን ያዘው?»

«ጻፍ ማርቪን፤ ምስክር ነህ እንጂ ዳኛ አይደለህም። ከሞትኩ በኋላ በመስኩ ላይ ይነበብ ብለህ ጻፍ።»

«ከሞቱ በኋላማ ማን ያፍራል!» አለች ላቮና። «አባዬ፣ ሰውዬው በሕይወት አለ፤ ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ልደውልለት ወይስ ትደውላለህ?»

ማርቪንን ከሞትኩ በኋላ ይነበብ የሚለውን መስመር ሰርዘው አልኩት። ስልኩንም ራሴ ደወልኩ።

ቬርነን መጥቶ ከላይ ያለውን ሁሉ ቆሞ አነበበ። ይቅርታ ጠየቅሁት። የመለሰውን ማርቪን ሊያሳምረው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ከለከልኩት። ቃሉ እንዳለ ይጻፍ።

ተናዛዥ፦ ደልበርት ፔነር (ፊርማ)

ምስክር፦ ማርቪን ስታኪ (ፊርማ)

ምስክር፦ «አንብቤዋለሁ፤ እውነት ነው። ይቅር ማለቴን ግን ገና አልወሰንኩም፤ ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ፤ እስከዚያ እንዳይሞት።» ቬርነን ኩፕ (ፊርማ)