«እጅ አምጡ»፦ ለእያንዳንዱ እጅ ምላጭ የሠሩት እህታችን

እህታችን ከአናጺው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። የቤቱ በኩር ነበሩ። እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ቤተሰቡ ይህን እንድጽፍ ሲያዘኝ «እሳቸውን ማሳጠር እንዴት ይቻላል?» ብዬ ነበር፤ የሆነልኝን ያህል ይኸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ሒሳብ ይወዱ ነበር፤ አርፎ መቀመጥ ግን አይሆንላቸውም። ደብተራቸውን ጥለው ወደ አባታችን የሥራ ቦታ ይገቡና የመላጊያውን ስለት ይስላሉ። አባታችን ለማንም የማያስነኩትን መላጊያ ለእሳቸው ይሰጡ ነበር። እናታችን «ስለት ስትስል የዋለች ልጅ ምላሷም ይሳላል» ይሉ ነበር፤ አልተሳሳቱም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የልብስ ሰፊዎችን መቀስና የሥጋ ቤቶችን ቢላ በሚስል የብረት ሥራ ቤት ተቀጥረው ብረት ማጋልና መቀጥቀጥ ተማሩ። በሃያ አራት ዓመታቸው ከፀጉር አስተካካዩ ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። አባታችን ጋብቻውን አልወደዱትም። «የፀጉር ሀብት በር ሲከፈት ይበናል» አሉ። በሠርጉ ተገኝተው መረቁ፤ ወደ አማቻቸው ፀጉር ቤት ግን ዝር አላሉም። ይባስ ብለው የሚላጩት ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት ካለው ፀጉር ቤት ነበር። ይህ እህታችንን ያቃጥላቸው ነበር፤ በአፋቸው ግን «አባቴ እንጨት ይልጋሉ፣ ባሌ ጢም ይላጫል፤ ሁለቱም እንጀራቸው ከስለት ነው፤ ምን እንደሚያኳርፋቸው እንጃ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን ወለዱ። ወንዱ ገና ጡት ሳይተው የባለቤታቸው ቀኝ እጅ በሚኒባስ በር ተያዘ። አጥንቱ ቢጠገንም ሁለት ጣቶቻቸው ዳግመኛ አልታጠፉም። በመቀሱ እንደምንም ይሠራሉ፤ ምላጭ ግን ከእጃቸው ይሾልክ ጀመር። በግራ ሞከሩ፣ አልሆነም። ደንበኛው አንድ በአንድ ወደ ማዶ ተሻገረ። አንድ ቀን ፎጣዎቹን አጣጥፈው ቤት ይዘው መጡና «ሱቁን ልዝጋው መሰለኝ» አሉ። እህታችን ፎጣዎቹን ተቀብለው አስቀመጡና «እስቲ እጅህን አምጣው» አሏቸው።

ሻማ አቅልጠው፣ ሰሙ ለዘብ ሲል በባለቤታቸው መዳፍ አስጨበጡት። የትኛው ጣት እንደሚይዝና የትኛው ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ሰሙ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። በዚያ ልክ ምላጭ ሊሠሩ ተነሡ። ያረጀ ሞረድ አግለው ቀጠቀጡት፤ አንገቱን ለአውራ ጣት ሰፋ፣ ጅራቱን ለትንሿ ጣት እንደ መንጠቆ ቆልመም አደረጉት። የመጀመሪያው ከእሳት ወጥቶ ዘይት ውስጥ ሲገባ ተሰነጠቀ። የሚቀጥለው ጠመመ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ቀና ሆኖ ወጣ፤ ሲስሉት ግን ጠርዙ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ያን ጊዜ አለቀሱ። «እትዬ፣ በቃ ተዪው» አልኳቸው። «እኔ ከተውኩት እሱም ይተወዋል» አሉኝና ሌላ ሞረድ አነሡ።

ይህኛውን ከዘይቱ ካወጡት በኋላ፣ ጠርዙ እንዳይፈረፈር በጋለ አሸዋ ላይ ቀስ ብለው አሞቁት፤ የገለባ ቀለም ሲይዝ አነሡት። ሁለቱን ጎኖቹን ጎድጎድ አድርገው አሳሱት፣ በድንጋይ ሳሉት፣ በቆዳ ወለወሉት፣ የቀንድ እጀታ ገጠሙለት። ክንዳቸው ላይ ሲያሳልፉት ፀጉሩ ድምፅ ሳያሰማ ረገፈ።

የቀረው አንገቱን የሚሰጥ ሰው ነበር። ባለቤታቸው በገዛ ጉንጫቸው ላይ ደጋግመው ተለማመዱ፤ ሰፈሩ ግን ጉሮሮውን ለተሰበረ እጅ ሊሰጥ አልደፈረም። ወንበሩ ባዶውን ሰነበተ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባታችን ከማዶው ፀጉር ቤት በር ላይ ሆነው ይህንኑ ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

አማቻቸው ደነገጡ። «አባባ፣ እጄ እኮ ገና አልለመደም» አሏቸው።

«የኔም አንገት ያንተን ቤት አልለመደም፤ እኩል ነን። ይልቅ ፎጣውን አልብሰኝ።»

እህታችን መስታወቱ አጠገብ ቆመው አንዲቷን ፎጣ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲያልቅ አባታችን አገጫቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «የማዶው ይነጫል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምተን አናውቅም። ጆሯቸው ሥር ምላጩ ትንሽ ቆርጧቸው ነበር፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ግን «ስንጥር ነው» ብለው ሸፈኑለት። በሳምንቱ አናጺ ጓደኞቻቸውን ሁሉ አስከትለው መጡ። ሱቁም አልተዘጋ፤ ዛሬ ወንድ ልጃቸው ይሠራበታል።

ወሬው ሲዛመት እህታችን ሥራቸውን ለቀው በሱቁ ጓሮ የራሳቸውን ምድጃ ተከሉ። ጣቱ የጎደለ፣ ቁርጥማት የያዘው፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ ሁሉ ይመጣ ነበር። ሰላምታ ሳያስቀድሙ «እጅ አምጡ» ስለሚሉ ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ። አንድ ባለሀብት ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን ምላጭ ቢያዟቸው «ግድግዳ ጢም የለውም» ብለው መልሰዋቸዋል። ሰው ሊጠይቁ ሲሄዱ ደግሞ የቤቱን ቢላ ሳያስፈቅዱ ይስሉ ነበር፤ በማግስቱ ስንቶቻችን ጣታችንን በፕላስተር ጠቅልለን እንደዋልን እንተዋወቃለን።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በሆስፒታል አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ከእሳቸው በኋላ ቀርተናል።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሰሞን ባለቤታቸው ከአልጋው ሥር ሳይነሡ ሰንብተው ጢማቸው አድጎ ነበር። እህታችን ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩዋቸውና «ምን ሆነህ ነው? ሂድ ተላጭተህ ና» አሉ። ቀጠል አድርገውም «ስሞትም ቀብሬ ላይ ተላጭተህ ቁም። የምላጭ ሠሪ ባል ጢሙን አንጨብርሮ ቢቆም የሚሰደበው ሥራዬ ነው» አሉ። ባለቤታቸው ሳቁ፤ ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዛሬ ጠዋት ለቀብሩ ስንዘጋጅ ልጃቸው «እኔ ልላጭህ» ቢላቸው እንቢ አሉ። መስታወት ፊት ረጅም ጊዜ ቆመው በራሳቸው እጅ ተላጩ። ስለዚህ ንጹሕ ጉንጫቸውን የምታዩ ወዳጆቻችን፣ ሐዘኑ የቀለለላቸው እንዳይመስላችሁ። የታዘዙትን ፈጽመው ነው የቆሙት።

በእሳት ፊት የደከሙትን እጆች ፈጣሪ ተቀብሎ ያሳርፍልን። ለነፍሳቸው ብርሃን ያለበት ቤት፣ ለእኛም ብርታቱን ይስጠን። አሜን።