የማያስተላልፍ ዘንግ

ጥር 8፣ ማክሰኞ

ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ የድምፅ ማጉያ ጠገንኩ። ማጉያውን ባለቤቱ ውሃ አጠጥቶት ኖሮ "እንዲሁ ነው የጠፋው" ይለኛል። እሺ፣ እንዲሁ ይሁን።

ምሳ ሰዓት ላይ አባባ ዘንድ ጎራ አልኩ። እንደ ልማዱ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጧል። ሬዲዮው አንቴና ካጣ ዓመት ከሁለት ወሩ፣ ግን ወንበሩን አልቀየረም።

"ካፒቴኑ ታሟል አሉ" አለኝ። ካፒቴኑ ከባህሩ ማዶ ያለ ወዳጁ ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት በየእሁዱ በሬዲዮ አውርተዋል፣ በአካል ተያይተው አያውቁም። "ሳይቀድመኝ ድምፁን ልስማው። አንቴናውን ትሠራልኛለህ?"

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ከዚያ ጨመረና፣ "አንተ እንኳ ጠንቃቃ ነህ፣ እንደዚያ ግዴለሽ አይደለህም" አለ። ግዴለሽ የሚለው ታናሽ ወንድሜን ነው፤ ያንን አንቴና ሲሰቅል የሞተውን። የወንድሜ ሚስት እዚያው ጠረጴዛ ላይ የተማሪዎቿን ደብተር ታርም ነበር። ቀና አላለችም።

ጥር 10፣ ሐሙስ

ጣጣው ዘንጉ ነው። ስድስቱን የአሉሚኒየም ቱቦ የሚሸከመው ረጅሙ ጀርባ። ብረት ቢሆን በአንድ ቀን ባለቀ... ግን ብረት አይገባበትም ብያለሁ፣ አይገባም።

ነጩ የውሃ ቱቦ አያስተላልፍም። ፀሐይ ሲመታው ግን ይጎብጣል። ውስጡ እንጨት ልክተትበት? ከከተትኩ አይቀር እንጨቱን ብቻ ለምን አላደርግም? ቀርከሃ ቀላል ነው፣ ግን እርጥቡ ያስተላልፋል፣ ደረቁ ይሰነጠቃል። ፋይበርግላስ ቢገኝ የት ይገኛል!

አናጢው ጋ ሄጄ፣ "ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ እንጨት አለህ?" ብለው፣ "እሱስ ቀላል ነው። ወሬ የማያስተላልፍ ሰው ብትለኝ ነበር የምቸገረው" ብሎ ሳቀ። ጣሪያው ሥር ሁለት ዓመት የደረቀ ጣውላ አወረደልኝ። "ቫርኒሽ ካልቀባኸው ዝናብ ይጠጣል" አለ። ይሄንን እንኳ አውቃለሁ።

ጥር 13፣ እሁድ

እሁድ ነው። አባባ ዝም ያለውን ሬዲዮ አቅፎ ይውላል...

ያንን ቀን ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ወንድሜ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጥቁር ረጅም ዘንግ ገዝቶ ሱቄ መጣ። ላባ ነው፣ አይከብድም። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምንድነው? ያስተላልፋል?" ቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ከዚህም ከዚያም አስነካሁት። መርፌው ንቅንቅ አላለም። "ፕላስቲክ ነው። አያስተላልፍም" አልኩት። አመነኝ። በማግስቱ ጣሪያ ላይ አንቴናውን ሲያቆም ነፋስ አዘነበለበትና ጫፉ የመብራት ሽቦ ነካ።

ዘንጉን ይዞ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩ እጁ ላይ ባልደረሰ ነበር። የአሉሚኒየሙን ቱቦ ነው የያዘው። እንዲህ ብዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ... ለፖሊስም፣ ለአባባም፣ ለሚስቱም። መዝገቡ ላይ "የጥንቃቄ ጉድለት" ተብሎ ተጻፈ። አባባም ከዚያ ወዲህ ነው ግዴለሽ የሚለው።

ጥር 15፣ ማክሰኞ

ጉዴ ፈላ።

ሱቄ ማይክሮዌቭ የለኝም። ለሙከራ አባባና የወንድሜ ሚስት የሚኖሩበት ቤት ሄድኩ። ቁራጩን ከአንድ ስኒ ውሃ ጋር ከትቶ አንድ ደቂቃ ማቆየት ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ከወጣ ለአንቴና ይሆናል፣ ከሞቀ ይጣላል። ነጩ ቱቦ ቀዝቃዛ። የአናጢው ጣውላ ለብ ብሎ ነበር፣ ይበቃል። ቀርከሃው እጄን አቃጠለኝ፣ ገና እርጥብ ነው።

ከዚያ የጥቁሩን ዘንግ ቁራጭ ከተትኩ። ለማነጻጸር ብቻ። ከአደጋው የተረፈው ጓሮ ወድቆ ነበር።

ተንጣጣ። ሰማያዊ እሳት ተፋ። ጭሱ ወጥ ቤቱን ሞላው።

"ጋሼ! ምን ከተትክበት?" የወንድሜ ሚስት ሮጣ መጣች።

"ምንም... አሮጌ ነገር ነው።"

መስኮት ከፈተች። እኔ ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሱቅ ገብቼ በቢላዋ ቀለሙን ፋቅኩት። ቴስተሩን አስነካሁት። መርፌው ሄደ፣ እስከ ጥግ። ካርቦን ነው። ያኔ የለካሁት ቀለሙን ነው! ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሙያ... ቀለም ሳይፋቅ እንደማይለካ የማያውቅ ማን አለ?

ቱቦውን አይደለም፣ ዘንጉን ነው የያዘው። እኔ አያስተላልፍም ያልኩትን።

ጥር 16፣ ረቡዕ

ሱቅ አልከፈትኩም።

ጥር 20፣ እሁድ

ጣውላውን ሁለተኛ ቫርኒሽ ቀባሁት። እጄ ይሠራል፣ አፌ ግን ተለጉሟል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። አያስተላልፍም... አንድ ቃል።

ብነግራቸው ማንን እጠቅማለሁ? እሱ አይመለስ። አባባ የቀረው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አምስት ቀን አለፈ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄው ነው።

ዛሬ ደግሞ የወንድሜ ሚስት እስከ በር ሸኘችኝ። "ጋሼ፣ አንተን ይሰማሃል። ግዴለሽ የሚለውን ቃል እንዲተው ንገረው። እኔ በሚስትነቴ ስናገር ማዳላት ይመስለዋል። ያን ቀን ጠዋት የአንቴናውን ማሰሪያ ገመድ ስንት ጊዜ እየተመላለሰ እንደፈተሸ አይቻለሁ እኮ።"

"እነግረዋለሁ" አልኳት። አንጀቴን በላችው። ሰው ሬሳ ላይ ስንት ጊዜ ይዋሻል?

ጥር 27፣ እሁድ

ነገርኳቸው።

ቁራጩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ግማሹ የተፋቀ። ቴስተሩንም አጠገቡ። አባባ ዓይኑ ስለደከመ መርፌውን አያይም፤ ስለዚህ ጣቱን ይዤ የተፋቀውን አስነካሁት። አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሳላቋርጥ።

ጣቱን የተፋቀው ላይ አመላለሰ። ከዚያ፣ "ቀለሙን አልፋቅከውም ነበር?"

"አልፋቅኩትም፣ አባባ።"

"ልጄ ዘንጉን ነበር የያዘው።"

"ዘንጉን።"

ተነስቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ክፍሉ ገባ። ልደግፈው ብል እጄን ገፋው።

የወንድሜ ሚስት አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "እኔንም አሳምነኸኝ ነበር እኮ" አለች። "አንዳንድ ቀን እናደድበት ነበር። ለምን አልተጠነቀቅክም፣ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ እያልኩ... በሞተ ሰው ላይ።" ከዚያ፣ "አሁን ሂድ፣ ጋሼ።"

ሄድኩ።

የካቲት 1፣ ሐሙስ

የወንድሜ ሚስት ደወለች። "አባባ አንቴናውን ይዞ ይምጣ ብሏል።" ሌላስ አልኳት። "ሌላ አላለም።"

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከአናጢው ጋር ሰቀልነው። ከመብራት ሽቦው በተቃራኒ፣ ከጓሮው ጥግ። ቁመቱን በገመድ ለክቼ፣ በየትኛውም በኩል ቢወድቅ ሽቦው ጋ እንደማይደርስ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ዘንጉ አያስተላልፍም ተብሎ ሽቦ ሥር አይቆምም። አናጢው፣ "ዛሬስ አበዛኸው" አለኝ።

አባባ ከክፍሉ አልወጣም።

የካቲት 4፣ እሁድ

አባባ ከሰዓቱ ቀድሞ ወንበሩ ላይ ነበር። ሰላም አልኩት፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መለሰልኝ። የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ጀርባ ሰክቼ ልወጣ ስል፣ "ቁም" አለኝ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ለእኔ የመጀመሪያ ቃሉ።

ብዙ ጠራ። ጫጫታ ብቻ። እንደገና ጠራ። ከዚያ የካፒቴኑ ድምፅ መጣ፣ ቀጥኖ፣ እያሳለ። በአባባ ጉንጭ ላይ እንባ ወረደ፣ አልጠረገውም። ስለ በሽታው ተጠያየቁ። ሁለቱም ደህና ነኝ ተባባሉ፣ ሁለቱም ዋሹ።

"የልጅህ ነገር..." አለ ካፒቴኑ። "በደብዳቤህ በግዴለሽነቱ ነው ብለህ ነበር። አንጀቴ አልቻለም፣ ያ ልጅ እንዲያ አይመስለኝም ነበር።"

አባባ ማይክሮፎኑን ተጫነ። "ተሳስቼ ነው። ልጄ ጥፋት አልነበረበትም። መያዝ ያለበትን ነው የያዘው። የተሳሳተው ታላቁ ነው። ራሱ መጥቶ ነገረኝ። አሁን አጠገቤ ቆሟል።"

ጫጫታ። ከዚያ ካፒቴኑ፣ "አልጠራልኝም። ድገምልኝ።"

አባባ ደገመለት። ቀስ ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር። የወንድሜ ሚስት ደብተሯን አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመች። እኔም አልተቀመጥኩም። እስኪጨርስ ቆሜ ሰማሁ።