ቃታውን ከለቀቅህ በኋላ

ቀራንዮ፣ መጋቢት 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህን፣ የእናትህን ጤና፣ ሰው እየመረጠች የምትረግጠውን የበቅሎህንም ጤና እጠይቃለሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም የማማርረው ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ ነው። እናትህን ሳምልኝ። በልጅነታችን ከጎተራው ኋላ ተደብቄ እንደ ጅብ እየጮኽሁ ሳስለቅሳት «ይህ አፍህ አንድ ቀን ያስለቅስህ!» ትለኝ ነበር። ደብዳቤ የምታነብላት አንተ ነህና፣ ይህን ግን ለብቻህ አንብበው።

የላክኸው ወረቀት በዋጋነሽ እጅ ደርሶኛል። ጤፍ ጭና ስትመጣ እህሉ መሃል ቀብራው ስለነበር፣ ስገልጠው ከፊደልህ ይልቅ ጤፉ ይበዛ ነበር። ፊደልህም እንደ እግርህ ነው፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። እኔ ያለ መምህር ከአጥር ጥግ የቃረምሁት ካንተ የድቁና ትምህርት ይሻላል።

ሁለት ነገር ጽፈህልኛል። አንደኛው፣ በወንድምህ በይገዙ ቦታ ተቀጥረህ መጋዙን ልትይዝ ነውና እንዳይጎዳህ አያያዙን እንዳስተምርህ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው ሰበብ መሆኑ ነው። የአባትህን ጠመንጃ ከጭድ ውስጥ አውጥተህ ወልውለሃል። ይገዙን መጋዝ እንደ ያዘ ለሰላምታ እጁን አስነስቶ ያስገደለውን ጣሊያን ካቦ ልትገድልበት። «አጎቴ፣ ሰኔ ሳይገባ ደሙን እመልሳለሁ» ብለሃል።

በቀላሉ ልጀምር።

ይህ መጋዝ አንተ የምታውቀው፣ አንዱ ሲስብ ሌላው የሚያንቀላፋበት የሁለት ሰው መጋዝ አይደለም። ስለቱ እንደ ሰሃን ክብ ነው፤ ጥርሱ ዙሪያውን ነው። ከትልቁ ሞተር በሽቦ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ያዞረዋል፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ተሸክሞ ይቆርጥበታል። የምንሠራበት የጣውላ ግቢ በመጣ ቀን ጣሊያኖቹ ራሳቸው ፈርተውት ዳር ቆመው ሲያጨሱ፣ እኔ ከሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንስቼ ጽሑፉን ትቼ ሥዕሉን አነበብሁት። በዚያው የመጋዝ መምህር ሆንሁ።

ስማኝ እንግዲህ። ኩታህን አውልቀህ ስቀል። ማተብህን ከሸሚዝህ በታች አስገባ፤ መጋዝ ሃይማኖት አይለይም። ጣውላውን በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድመው፤ ተቆርጦ የሚወድቀው ወገን ግን ከታቹ ባዶ ይሁን። አለዚያ እንጨቱ ስለቱን ነክሶ ይይዘዋል፤ የተነከሰ መጋዝ ደግሞ እንደ በቅሎህ ወደ ኋላ ይረግጣል። ስለዚህ ከጎኑ ቁም እንጂ ከኋላው አትቁም። ጉጥና ሚስማር አስቀድመህ ፈልግ። ስለቱን በጣትህ ከመንካትህ በፊት ሽቦውን ንቀል። ደሜ የሚባለው ባልደረባችን «ጠፍቷል እኮ!» ብሎ ሲነካው አንድ ሰው ቃታውን ገፋበት፤ ሦስት ጣቱ ሄደ። እኔም የጾሙን ሳምንት በሰባት ጣት ሲቆጥር ይሳሳታል እያልሁ ሳሾፍበት ከረምሁ።

ቃታ አልሁህ፤ አዎ፣ እንደ ጠመንጃህ ቃታ አለው። የጠመንጃ ነገር ቃታውን ስትስብ ያልቃል። መጋዝ ግን ቃታውን ከለቀቅህም በኋላ ይዞራል። «አባታችን ሆይ» ብለህ ጀምር፤ ስለቱ የሚቆመው «መንግሥትህ ትምጣ» ላይ ስትደርስ ነው። እስከዚያ ንጉሥ እንኳ ቢመጣ ከመጋዙ ላይ እጅህን አታንሳ።

ይገዙ ይህን ሁሉ ከእኔ ተምሯል። ካስተማርኋቸው ሁሉ ጠንቃቃው እሱ ነበር። ቃታውን ሲለቅ ከንፈሩ «አባታችን ሆይ» ሲል አየው ነበር። «ቄስ ልትሆን ነው ወይስ አናጢ?» ስለው፣ «አጎቴ፣ እርስዎ ቀልድ ሲተዉ እኔም ጸሎት እተዋለሁ» ይለኝ ነበር።

በዚህ ግቢ ግን ከመጋዙ ሕግ የሚበልጥ ሕግ አለ። ካቦው በሞተር ብስክሌት ሲመጣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ቀኝ እጁን ወደ ላይ መዘርጋት አለበት። አንድ ቀን መሸሻ፣ ያ ከጎጃም የመጣው ሽማግሌ፣ ጣውላ ተሸክሞ ስለነበር ዘገየ። ካቦው እጁን አስነስቶ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ አቆመው፤ ክንዱ ዝቅ ባለ ቁጥር በአለንጋ ክርኑን ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ጡሩምባውን ስንሰማ እጃችን ከእኛ ቀድሞ ይነሣል።

ሰው መቼም ከሚፈራው ነገር ጨዋታ ያወጣል። ጉንጩን ነፍቶ ያን ጡሩምባ ቁርጥ አድርጎ የሚያስመስል አንድ ሰው በመካከላችን ነበር። ሥራው ሲሰለቸው ከጣውላው ክምር ኋላ ይደበቅና ሁለቴ ይነፋል። ሃያ ወንድ ለባዶ መንገድ እጁን ይዘረጋል፤ መሸሻ ከሁሉ ቀድሞ። ከዚያ ሳቅ ነው፣ ስድብ ነው። መሸሻ «ጉንጭህ ይፈንዳ፣ አንተ የአህያ ልጅ!» እያለ ዐይኑን ይጠርጋል። ይሳቅ ያልቅስ፣ የጠየቀው የለም።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ፣ ይገዙ የዝግባ ጣውላ ይቆርጥ ነበር። የስለቱን መከለያ ካቦው ሥራ ያዘገያል ብሎ በሽቦ ወደ ላይ አሳስሮታል፤ ይህን አልሸሽግለትም። ጣውላው ተቆርጦ ወደቀ። ይገዙ ቃታውን ለቀቀ። ጡሩምባው ሁለቴ ተነፋ። ቀኝ እጁ ተነሣ። ግራው ብቻውን መጋዙን አልቻለውም፤ ስለቱ እየዞረ ጭኑ ላይ ወረደ።

ከክምሩ ኋላ ሮጬ ስደርስ ሰጋቱራው በደም ጭቃ ሆኗል። በመቀነቴ አሰርሁት፤ ኩታዬን ጠቀጠቅሁበት፤ አልቆመም። ከወዲያ ያሉት፣ ያላዩት፣ ገና ይስቁ ነበር። ይገዙ ቀና ብሎ አየኝና «አጎቴ፣ አለፈ?» አለኝ። «አለፈ፤ እጅህን አውርድ» አልሁት። ጉልበቱ እስኪያልቅ አላወረደም። በኋላ እኔ አወረድሁለት።

እናትህ «ማን መጥቶ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ካቦው» አልኋት። የምትረግመው ሰው ያስፈልጋት ነበርና ሰጠኋት። አንተ ደግሞ እርግማኑን ጥይት አጎረስኸው።

ካቦው ክፉ ነው፤ የመሸሻ ክርን ይመስክር። ግን እሱን ብትገድል ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ ያገኙትን ወንድ ሁሉ ይሰቅላሉ፤ እናትህም ሁለተኛ ልጇን ትቀብራለች። ሌላም አለ። ያን ማክሰኞ ካቦው በመኪና ወጥቶ ከማለዳ ጀምሮ ሆለታ ነበር። ሞተር ብስክሌቱ ጎማው ተፈትቶ የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፎ ይታይ ነበር። ካላመንኸኝ መሸሻን ጠይቀው። ከእኔ ጋር መነጋገር ትቷል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ቆም ይልና ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶልኝ ያልፋል።

ሥራው ይቅርብህ። መጋዙን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። ካልመጣሁ ካልህ ግን፣ ቤቴ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል፣ ምንጩ አጠገብ መሆኑን ታውቃለህ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፌ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ፤ ዝም ብዬ። ጠመንጃውንም ከያዝህ በሁለት እጅህ ያዘው። ቃታውን ከመሳብህ በፊት ማን ፊት እንደ ቆምህ አጣርተህ እይ።

የዘራኸው ይብቀልልህ። በቅሎህ ሌላ ሰው ትርገጥ። አንተን የእናትህ ቀባሪ ያድርግህ እንጂ እሷን ያንተ አያድርጋት።

የእናትህ ወንድም፣
አጎትህ