ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ደወል

ሰኞ፣ ግንቦት 8

ደብተሬን ሙሉጌታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። በእጄ የሳልኳቸው ካርታዎች፣ ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ የተረጎምኳቸው ቃላት፣ የሁለት ወር የምሳ ሰዓቴ። «ለማስረጃ ይያዝ» ብሎ ነበር የወሰደው። ለካ የኮምፒዩተሩን ጨዋታ እያየበት ይጫወታል!

ከሦስት ሳምንት በፊት በዓርቡ የውይይት ክበብ ያጋለጠኝ እሱ ነው። «ጓድ ሰዓዳ የመንግሥትን ኮምፒዩተር ለንግሥትና ለጠንቋይ ተረት ታውላለች» አለ። ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። ከኮምፒዩተሩ ክፍል ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ። ለአዲስ አበባው ሥልጠና የተያዘው ስሜ ተሰርዞ የእሱ ገባ።

አልረሳም። ወላሂ አልረሳም።

ማክሰኞ

መዝገብ ቤት አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ወርቅነሽ «ለአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ትቆጪያለሽ?» አሉኝ።

እንዴት ላስረዳቸው። ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ጋር ከጅቡቲ የመጣ ነው። ድግምት ያስተኛት ንግሥት አለች፤ እሷን ለመቀስቀስ ከደሴት ትነሳለህ። የሚያጣድፍህ የለም። ዛፉ፣ በሩ፣ ድንጋዩ ላይ የስክሪኑን ቀስት አስጠግተህ ስትጫን አንድ ነገር ይነግርሃል። የጠየቅኸው ሰው ሁሉ ይመልስልሃል። ምሳ ሰዓት ሰፈሩ ከዚራ በሙቀቱ ጭር ሲል፣ ሌላው ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ እኔ እዚያ ነበርኩ። ከቤትና ከስብሰባ ሌላ የምሄድበት አገር ያ ብቻ ነበር።

«ለጨዋታው አይደለም» አልኳቸው። ግማሹ ውሸት ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ቀናኝ።

ኮምፒዩተሩ ክፍል ፋይል ላደርስ ገባሁ። ሙሉጌታ ስክሪኑን አልሸፈነም። በጨዋታው የያዘው ዕቃ ከስክሪኑ ግርጌ ተደርድሯል፤ ገመድ፣ ፋኖስ፣ የነሐስ ቁልፍ። ደወሉ የለም። መርከብ ተሳፍሮ ባሕሩን ተሻግሯል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ደሴቱ መመለስ አይቻልም። ዋሻው በር ላይ ያለውን ዘንዶ የሚያስተኛው ግን ያ ደወል ብቻ ነው። እኔም መጀመሪያ ትቼው ሄጄ ስንት ቀን ተንከራትቻለሁ። እንደገና ከሀ ጀምሬ ደሴቱ ላይ ካለው ጉድጓድ ያወጣሁት በተባረርኩበት ቀን ነው። ደብተሩ ላይ ለመጻፍ አልደረስኩም።

«ሰዓዳ፣ ይሄን ዘንዶ እንዴት ነው የሚያልፉት?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ፋኖሱን ሞክር» አልኩት።

ሐሙስ

ፋኖሱ አልሠራም። ገመዱን አልኩት። ቀጥሎ ቁልፉን። ዓይኑ ቀልቷል። ወርሃዊ ሪፖርቱን ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ ጠይቀው አጥተዋል። ኮሪደሩ ላይ ሳቄን በሻሼ አፈንኩ።

ከሰዓት መዝገብ ቤት ድረስ መጣ። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ካወቅሽው ንገሪኝ።»

ክበቡ ላይ እንዲህ አይናገርም ነበር።

«ነገ ተነስና እኔም እጫወታለሁ በል። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

በሩን ዘግቶ ወጣ።

ዓርብ

ተነሳ። አላመንኩም።

«ጓዶች፣ የጓድ ሰዓዳን ደብተር የያዝኩት ለማስረጃ አልነበረም፤ እኔም እያየሁበት ልጫወት ነው። ሪፖርቱ የዘገየውም በዚሁ ነው።» ሥራ አስኪያጁ ዲስኩን አስመጡና እሱ ራሱ እንዲሰብረው አዘዙ። ሰበረው። ንግሥቲቱን ሁለታችንም አላየናትም።

በር ላይ ጠበቀኝ። «አሁንስ?»

«ደሴቱ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ደወል ነበር። ጥለኸው ተሻገርክ። መመለሻ አልነበረህም።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ረቡዕ።»

ደብተሬን ሰጠኝና ሄደ። ጣፈጠኝ። ለራሴ አልዋሽም፣ እስከ አጥንቴ ጣፈጠኝ።

ቅዳሜ

ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ሰኞ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል እመለሳለሁ። ሥልጠናውን ስጠይቃቸው «ይታያል» አሉ። «ይታያል» ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ሙሉጌታ ከከተማ ወጥቶ ዋሂል ገጠር ያለው መጋዘን ተመድቧል። ጓዙን የጭነት መኪና ላይ ሲሰቅል በመስኮት አየሁት። ሚስቱ ከሥር ፍራሹን ታቀብለዋለች። እሷን አላሰብኳትም ነበር።

«በቃሽ?» አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ።

«በቃኝ» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። መኪናው ከሄደ በኋላም መስኮቱ ጋ ቆሜ ቀረሁ።