ስለ ወንድሜ ሕመም በገበያ መሐል ለተነገረው ማስታወቂያ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ አዳነ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
መርሳ

ክቡር ሆይ፣ አላህ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እንዲሰጥ እየተመኘሁ፣ ለዋሉልን ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ከወልድያ የመጡት ሐኪሞች የሚጥል በሽታ በአንዳንድ ቤተሰብ ለምን በዘር እንደሚተላለፍ በደም ምርመራ ሊያጠኑ ፈልገው፣ ለቤታችን በጸጥታ እንዲነግሩላቸው አደራ ብለውዎት ነበር። እርስዎ ግን ከትጋትዎ ብዛት በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ «የአብዱልጀሊል ቤተሰቦች! የሚጥል በሽታ በዘራችሁ ያለባችሁ፣ ለምርመራ ቅረቡ!» አሉልን። አንደኛው ምስጋናዬ ለድምፅዎ ጥራት ነው። ጨርቅ ከምሸጥበት ድረስ ቃል ሳይጎድል ሰማሁት፤ ደንበኞቼም ሰሙት። የለካሁትን ጨርቅ ሳልቆርጥ አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሁለተኛ፣ የኒካሕ ቀን የቆረጡልኝ የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች በሳምንቱ መጥተው በታላቅ ትሕትና ቀጠሮውን ስላፈረሱ፣ ከሠርግ ድካም ስላሳረፉን አላህ ይስጥልኝ።

ለሦስተኛው ግን የምስጋና ቃል አጣሁ። ወንድሜ ዓሪፍ ጓዳ ሆኖ ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹ እንደወጡ፣ «ነሲባ፣ እኔ ባልኖር ታገቢ ነበር፣ አይደል?» አለኝ። መልስ ለመስጠት ዘገየሁ። እስከ ዛሬ ዓይኑን ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል።

ከሐኪሞቹ አንዷ፣ ዶክተር ትዕግስት፣ የሆነውን ሰምተው ይቅርታ ሊጠይቁ ቤታችን ድረስ መጡ። ከዚያም ዓሪፍን፣ «ምክንያቱን ገና እየፈለግን ነው፤ እንደምናገኘውም ቃል አልገባልህም። ሕመሙን የሚያስታግሰውን ኪኒን ግን ደም ሰጠህም አልሰጠህም ታገኛለህ» አሉት። ዓሪፍ እጅጌውን ሰበሰበ። «ለሚወለዱት ይሁን» አለ። እኔም ከእሱ ቀጥዬ ሰጠሁ።

ምክንያቱ እስካሁን አልተገኘም። ዓሪፍ ኪኒኑን ከጀመረ ወዲህ ግን መውደቁ ቀንሶለታል። ገበያ መውጣት ግን እንቢ ብሏል።

ስማችንን ለሀገር ላስተዋወቁን ለእርስዎ ያለኝን ከበሬታ እየገለጽኩ፣

ጨርቅ ሻጯ ነሲባ አብዱልጀሊል

ማሳሰቢያ፦ ዶክተሯ ስለ ዘመዶቻችን ሲጠይቁ እናቴ ዘር ስትቆጥር ሰማሁ። ሕመሙ የነበረባቸው የአባቴ እናት ከእርስዎ ሴት አያት ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህን በአደባባይ መጻፌ እኔንም አሳፍሮኛል። ያልታመሙ ዘመዶችም ደም ቢሰጡ ጥናቱን ይረዳል ተብሏልና እርስዎም ይምጡ። መርፌው እንኳ ብዙም አያምም፤ የሚያመው ሌላው ነው።